ቀረሮውን የጣልኩበት ምክንያት

ያዮ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዳገት ስትወጪና ስትወርጂ እንዳታባብሺው እሰጋለሁ። ወንድምሽ ደበሳ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ ሰላም ናቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ላልዋሽሽ ስለሆነ ለጊዜው «አለሁ» የምትለዋ ትበቃናለች።

ከቤት ወሬ ልጀምር። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ እልኸኛ ናት። የጓሮውን ጎደሬ ዝንጀሮ ግማሹን ነቅሎታል። አንቺ ብትኖሪ በአንድ ጩኸት ታባርሪያቸው ነበር፤ እኔን ግን ንቀውኛል፤ ድንጋይ ስወረውር ቁጭ ብለው ያዩኛል። ልጃችን ዓያንቱ ባለፈው እሑድ ከመቱ ደውላ ነበር። ሕፃኑ መቀመጥ ጀምሯል አለችኝ። አፍንጫው ቁርጥ የእማዬን ነው ስትለኝ፣ አይዞሽ፣ ሲያድግ ይስተካከላል አልኳት። ብዙ ሳቀች። ሁለታችንም ስለ አንቺ እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ።

በስልክ ያላገኘሁሽ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። በደወልኩ ቁጥር ደበሳ ያነሳና እህቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች ይለኛል። አራት ወር ሙሉ ውኃ ስትቀዳ የከረመች ሴት አይቼ አላውቅም፤ ወንድምሽ አገር ዳሪሙ ውስጥ ወንዝ የቀረ አይመስለኝም። ሽማግሌም ልኬ ነበር። የቡና ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጭምዴሳ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ቢመጣ፣ እሱ ራሱ የሚነግረኝ ነገር አለ፣ የነገረኝ ቀን እመጣለሁ ብለሽ መለስሽው። እኔ ሞኙ ይቅርታ ጠይቀኝ ማለትሽ መስሎኝ ጋቢ ገዝቼ ላክሁልሽ። ጋቢውን አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ መለስሽልኝ። ያልለበስሽውን ጋቢ ለምን እንዳጠብሽው እስካሁን አልገባኝም።

ስለዚህ እጽፋለሁ። በአፋችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ቢሆንም፣ በ1972 መሠረተ ትምህርት ገብተን ብዕር መያዝ የተማርነው በዚህ ፊደል ነው። አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ለየሽው፤ እኔ ደግሞ ፊደሉን ትቼ አንቺን ሳይ ስለዋልኩ ዘገየሁ። ልጆቻችን በቁቤ የተማሩ ስለሆኑ ይህን ጣታቸውን እያስኬዱ ካልሆነ አይዘልቁትም። የደበሳም ልጆች እንደዚያው ናቸው። በመካከላችን ሰው የለምና እንደ ልቤ ልጻፍልሽ።

ስለ ቀረሮው ነው። አባትሽ በሠርጋችን ቀን ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት ያን ዛፍ ለአንቺ ሰጡሽ። በእኛ ጫካ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም አይወጣበትም፣ ማንም ምሳር አያነሳበትም። ልጄ ዛፍ አትወጣም፣ የሚወጣላት ሰው ግን አግኝታለች አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቀን የነፋሁት ደረቴ ለዓመታት አልተነፈሰም። ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር፣ ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ ወጥቼ ንቦቹ ከገተማ ዛፍ አበባ የሚሠሩትን ነጭ ማር አወረድኩልሽ። አንቺ ከሥር ቆመሽ፣ ከወደቅህ ቀድሜ የማነሳው ማሩን ነው ትይኛለሽ። እኔም ከላይ ሆኜ የማይሰማ ስድብ እመልስልሻለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ የለም።

ሄርሜላ የምትባለዋ የቢሮ ልጅ ትዝ ትልሻለች? መጠይቅ ይዛ ከመቱ የመጣችው። ጫካችሁ በብር ቢተመን ስንት ያወጣል ብላ ጠየቀችን። አባወራ ነኝና ቀድሜ መለስኩ። ቀረሮው ቢሰነጠቅ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው፣ ጣውላው መቱ ላይ ስንት እንደሚያወጣ በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳት። አንቺ ጥግ ይዘሽ ኮረሪማ ትፈለፍያለሽ። ሳቅሽና፣ ላሚቱን በሥጋዋ ብቻ ገመትካት አልሽኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረሽ የየዓመቱን ማር ነገርሻት። በዛፉ ጥላ ሥር የሚበስለውን ቡና፣ በቡናው መሀል የሚበቅለውን ኮረሪማ፣ ለገመድ የምንቆርጠውን ሐረግ፣ በጋ የማይደርቀውን ምንጭ ነገርሻት። ማኅበራችን ዛፍ ካልተቆረጠበት ጫካ የተለቀመ ቡና ነው ብሎ በመሸጡ ከሌላው ገበሬ የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ ሳይቀር አስጻፍሻት። መስመሩ አልቆባት የወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈች። የወደቀ ዛፍ አንድ ቀን ይከፍላል፣ የቆመው ለልጅ ልጄም ይከፍላል አልሽ። በሰው ፊት ረታሽኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ። ትክክል እንደሆንሽ ግን ያኔም አውቅ ነበር።

እያወቅሁ ነው እንግዲህ የጣልኩት። ባለፈው ታኅሣሥ ዓያንቱን አራስ ቤት ልትረጃት መቱ ስትሄጂ፣ መንደሩ ገበያ የወጣበትን ቀን ጠብቄ ጣውላ ሰንጣቂዎችን ከነሞተር መጋዛቸው ወደ ጫካው አስገባኋቸው። የዛፉ ባለቤት ፈቅዳለች ወይ ቢሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ስትመለሺም፣ ቡናው ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ ነው፣ ለቤቱም ቆርቆሮ እንገዛበታለን አልኩሽ። አልጮህሽም። ወደ ወደቀው ዛፍ ሄደሽ፣ ቅርንጫፉን እየገለጥሽ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አየሻቸው። በስብሰዋል፤ ሸረሪት አድርቶባቸዋል። ወደ ቤት ገብተሽ ልብስሽን ቋጠርሽ። ደጃፉ ላይ ስትደርሺ፣ የምሄደው ለዛፉ ብዬ አይደለም አልሽኝ። እኔ ግን ለዛፉ ነው ብዬ አራት ወር ከረምኩ።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ ትንሽ ደስ ይበልሽ። ቡናው ፀሐዩን አገኘ። የካቲት ላይ አበባውን አፈነዳ፤ መጋቢት ላይ ያው ፀሐይ አቃጠለው። ቅጠሉ እንደ ወባ በሽተኛ ገረጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በማኅበሩ በኩል እንዳልሸጥ ስለተከለከልኩ ያለፈውን ዓመት ቡና ለመንገድ ነጋዴ በሰጠኝ ዋጋ ሰጠሁት። የባሰው ደግሞ ገዢዎቹ ጫካውን ሊያዩ መጥተው ጉቶውን አዩት። ጭምዴሳ ሃምሳ አባወራ እንጀራ እንዳያጣ ብሎ ፊታቸው ቆሞ፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው፣ አይደገምም ብሎ ማለላቸው። ስሜን አልጠራም። ቢጠራው ይሻለኝ ነበር። ማኅበሩ ሃያ የቀረሮ ችግኝ ተክዬ ሦስት ዓመት እንድጠብቅ ፈርዶብኛል፤ እየጠበቅሁ ነው። ቀፎ ለመሸከም ሲደርሱ የዓያንቱ ልጅ ጢሙ ሸብቶ ይሆናል።

ቆርቆሮውስ አምሯል። ዝናብ ሲመታው ግን ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ጩኸቱ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ጥጃዋን ላስር ወጣሁ። ታስራ አገኘኋትና ተመለስኩ።

ግንቦት 2007 ላይ ነው። አንቺ ለቅሶ ሄደሽ ብቻዬን ነበርኩ። የዛፉ እኩሌታ ስደርስ ዓለም ዞረብኝ። መሬቱ ከላይ ይሁን ከታች መለየት አቃተኝ። ግንዱን አቅፌ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ በእግሬ እየዳሰስኩ ወረድኩ። በሳምንቱ ደግሜ ሞከርኩ፤ የሁለት ሰው ቁመት ያህል እንደወጣሁ ያው ሆነብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዛፍ ወጥቼ አላውቅም።

ለዚህ አገሩ መላ አለው። መውጣት ያቃተው ሰው ዛፉን ለሚችል ሰው የእኩል ይሰጣል፤ ማሩን ይካፈላሉ። ጭምዴሳ የጠረጠረ ይመስለኛል፤ በጨዋ ደንብ፣ ሥራ ከበዛብህ የእኔ ልጆች አሉ ብሎኝ ነበር። ቀልጄ አሳለፍኩት። ዛፍን የእኩል መስጠት በመንደሩ ፊት አለቀልኝ ብሎ ማወጅ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው ዛፍሽ ላይ ወጥቶ፣ አንቺ ከሥር ቆመሽ ወደ ላይ ስታዪው ማየት አልቻልኩም። ቅናት በይው። በሃምሳ አምስት ዓመቴ በዛፍ ቀናሁ።

ስለዚህ የማር ቅላችንን ይዤ መቱ ሄድኩና ከሙራድ የማር ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። ቀይ ማር ነበር። ቀመስሽውና፣ ንቦቹ ዘንድሮ ምን ቀምሰው ነው አልሽኝ። የግራዋ አበባ በዝቷል አልኩሽ። ቅሉን ከድነሽ አስቀመጥሽው። በዓመቱ ስሄድ ሙራድ ነጭ ማር በቀዩ ዋጋ ሰጠኝ። ነጋዴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ስለማላውቅ ዕድሌ ቀና ብዬ መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ለእንግዶቻችን ስታቀርቢ፣ የባለቤቴ እጅ ነው ትያቸው ነበር። ሦስተኛው ግንቦት ሲቀርብ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ዛፉ ከሌለ ለምን አትወጣም የሚለኝ አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ቡና፣ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ያልኩሽ ሁሉ ምክንያት ፍለጋ ነው። ዛፉን የጣልኩት መውጣት ስላቃተኝ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የልጅ ልጃችንን ልጠይቅ መቱ ስሄድ ሙራድ ሱቁ በር ላይ ያዘኝ። ሻይ አስመጣልኝና፣ እትዬስ ደኅና ናቸው ወይ አለኝ። አኩርፋ ዳሪሙ ገብታለች አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ፤ እንደገና አወለቀ። ከዚያ፣ ጋሼ፣ መሐላዬን ላፈርስ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ ብሎ ነገረኝ።

ቀዩን ማር ባመጣሁልሽ ወር ትንሽ በጠርሙስ ይዘሽ ሱቁ ሄደሽ ነበር። ከዚህ የተሸጠ ነው ወይ አልሽው። ነው አለሽ። ማነው የገዛው ብለሽ አልጠየቅሽውም። በሚመጣው ግንቦት ሲመጣ ነጩን ስጠው አልሽው። ሰው ቤታችን ቀይ ማር ካየ ይጠይቀዋል፣ እንዳያፍር፤ ዋጋውም እንዳያስጠረጥረው የቀዩን ብቻ ተቀበለው፣ የሚጎድለውን እኔ በኮረሪማ እሞላለሁ አልሽው። ለእኔ እንዳይነግረኝ በልጆቹ አስማልሽው። ያን ዓመት ለጫማሽ መግዣ ያልሽው ኮረሪማ የት እንደገባ አሁን አወቅሁ። እግርሽ ላይ ያለው ያው አሮጌው ጫማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቆጣቢ ሆነሻል ብዬ አሾፍኩብሽ።

ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር ማለት ነው። ከዛፉ ሥር ስታልፊ ቀና ብለሽ ባዶዎቹን ቀፎዎች እያየሽ፣ ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልሽ ጠበቅሽኝ። እኔ ደግሞ ከመንገር መቁረጥ ቀለለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ንጋት ትንሽ ቆየ። ማሎ፣ እባክሽ ይቅር በይኝ። ስለ ዛፉ ይቅር በይኝ፤ ከዛፉ ይልቅ ደግሞ አንቺን ከውጭ ሰው ስለቆጠርኩሽ።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ ቆምኩ። ቡናዬን አትሸጥም የተባልኩበትን ውሳኔ ልከራከር የመሰላቸው ነበሩ። መውጣት አልችልም፣ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ቀረሮውንም የጣልኩት ይህን ለመደበቅ ነው አልኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ያ ኩሩ፣ በጉብዝናው የሚምልብን ጎረቤታችን ቀኖ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ዱጋ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው አለ። ቀጥሎ ሌላው ተነሳ፤ ቀጥሎ ሌላው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችም ዛፋችን ዝም ብሎ ቆሟል፣ ለማን እንስጠው ብለን አፍረን ነው አሉ። ሲቆጠር ሰባት የቀፎ ዛፍ በእፍረት ጾሙን ያድራል። ሲመሻሽ የሚችሉት ወንዶች በየተራ ለሁሉም እንዲወጡ፣ ባለዛፉ ግማሹን እንዲወስድ፣ የሚሸጠውም ከቡናው ጋር በአንድ ላይ እንዲሸጥ ተስማሙ። ጭምዴሳ፣ ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ብትናገር ኖሮ ቀረሮው ዛሬም ይኖረን ነበር አለኝ። ከመለያየታችን በፊት በማኅበሩ ያለኝ ድርሻ በአንቺ ስም እንዲጻፍ ጠየቅሁ፤ ተጽፏል። ብትመጪም ባትመጪም ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን ባስቀረው ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

መቱ በነበርኩ ጊዜ ደረጃ ስወርድ ዓያንቱ ፊት ተንገዳገድኩ። ልጅሽ አንቺን ናት፣ ሳትከራከር እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት አየ፤ በቀጭን መስመር ላይ አስኬደኝ፤ እጆችህን ዘርጋ አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲለኝ በቅርቡ ነው ልል አፌ ላይ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ አልኩት። ብዙ ጻፈ። ሌላ ምርመራም አዘዘልኝ፤ ውጤቱን ግንቦት 21 መጥተህ ትሰማለህ አለኝ። ብቻህን አትምጣ፣ ሚስትህን ይዘህ ና አለኝ። ዓያንቱ እኔ አለሁ ብትለው፣ አንቺ ሕፃን ይዘሻል፣ እናትሽ ትሁን አላት። ዓያንቱ ከዚያ ወዲህ ስትደውል ድምፅዋን ታቀጥነዋለች። ምን እንደተገነዘበች አልጠየቅኋትም።

ቀኑ ሰኞ ነው። ከያዮ በመጀመሪያው መኪና ተነስቼ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መቱ መናኸሪያ እገኛለሁ። ከዳሪሙ የሚመጣው መኪና እስኪገባ እጠብቃለሁ። ካልመጣሽ ቂም የለኝም፤ ብቻዬን እገባለሁ፤ ያለኝንም አንድ ቃል ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። ከእንግዲህ ስለ እኔ ከነጋዴ አትሰሚም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የወንድምሽን ቤት ይባርክ፤ ያሳደረሽን ሰው በረከት አይንሳው። የልጅ ልጃችንን ለቁም ነገር ያብቃልን። ከአንቺም ጋር በሰላም ያገናኘኝ።

ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የልጆችሽ አባት